እየወረድኩ ነው

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ... ፈጠራ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በእህቴ ባል ላይ ነው። አብዛኛውን ከራሱ አፍ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻውን ግን በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ጨለማ የለበትም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻም አላላዘነም። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት። ቦታው ደግሞ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው... ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው የማህደር ክፍል።

የእህቴን ባል የሥራ ባልደረቦቹ «አቋራጭ» ይሉታል። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ነገር እሱ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራው ያደርገዋል። በስሙ ይኮራ ነበር።

ሥራው የድርጅቱን የውስጥ ድረ ገጽ ማስተዳደር ነው። የውጭ ሰው የማይገባበት፣ ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ ማስታወቂያ የሚያነብበት፣ የተበላሸ ነገር የሚያመለክትበት ገጽ አለ አይደል? እሱን ነው።

ያንን ገጽ እንደ ልጁ ያሳምረዋል። ስክሪፕት ይጽፍለታል... ማለትም ኮምፒውተሩ የሰው እጅ ሳይነካው የሚፈጽመው ትእዛዝ። የአንድ ሰው ልደት ሲደርስ ገጹ ራሱ እንኳን ተወለድክ ይላል። ፈቃድ ሲጠየቅ ራሱ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ያደርሳል። አንድ ጊዜ አለቃው ስብሰባ ላይ «እሳት የላሰ ልጅ!» ብሎ አስጨብጭቦለታል።

የሚያስመርረው «ችግር ማሳወቂያ» የተባለው ክፍል ብቻ ነበር።

ሠራተኛው እዚያ ላይ የማይጽፈው ነገር የለም። አምፖል ተቃጠለ። ወንበሬ ተወላገደ። ጎረቤቴ ስልክ ሲያወራ ይጮህብኛል። ሁሉንም አንብቦ፣ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፎ፣ ለጻፈው ሰው መልስ መስጠት የአቋራጭ ሥራ ነው።

ሰለቸው።

ለእሱም ስክሪፕት ጻፈለት።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሲጽፍ በአቋራጭ ስም፣ ፈገግ ካለው ፎቶው ጋር፣ ወዲያው መልስ ይደርሰዋል። «መልእክትዎ ደርሶኛል። በትኩረት እየተመለከትኩት ነው። አይዞዎት፣ በቅርቡ እመለስበታለሁ።» ስክሪፕቱ ይሄን ይልክና ጉዳዩን «ምላሽ አግኝቷል» ብሎ ይዘጋዋል።

የሚያነበው ሰው ግን የለም። እሱም ጭምር አያነበውም።

መጀመሪያ ላይ «አርብ አርብ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ» ብሎ ነበር። አንድ አርብ አየ። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሠራተኛው ደግሞ ደስ አለው! «አቤት፣ የሚመልስ ሰው አገኘን» ተባለ።

ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው እትዬ ፋይል ናቸው።

እትዬ ፋይል ምድር ቤት፣ የማህደር ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ መውጣት መከራቸው ነው። ያችን አንዲት ገጽ በክፍላቸው ኮምፒውተር ከፍተው እንዲጽፉ ያስተማራቸውም ራሱ አቋራጭ ነው።

«እትዬ፣ ምንም ነገር ሲቸግርዎት እዚህ ላይ ይጻፉልኝ። በዚህ ጉልበት ደረጃ ለደረጃ አይንከራተቱ» ብሏቸዋል።

እሳቸውም ጻፉ። በየቀኑ ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ችግር፣ አንዳንዴ እንዲያው ሰላምታ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተው ቢሮው በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ነህ እንዲህ ደግ ደግ መልስ የምትጽፍልኝ?»

እውነቱ የአቋራጭ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «እትዬ፣ እሱ እኮ ማሽን ነው» ማለት ብቻ...

«አዎ እትዬ» አለ።

«ታች ስውል ሰው የረሳኝ ነው የሚመስለኝ። አንተ ስትመልስልኝ ግን... ብቻ ተባረክ ልጄ። እኔን እንዳሰብከኝ የሚያስብልህ አትጣ።»

ጉንጩን ሳሙት። ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ግን አላረማቸውም። አንገቱን ደፍቶ ያልሠራበትን ምርቃት ተቀበለ።

ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ።

«ያቺ በር ግን ልጄ... ከውስጥ አልከፈት እያለችኝ ነው። ጽፌልህ ነበር።»

«እየተከታተልኩት ነው እትዬ።»

ምን እንደሚከታተል ራሱም አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ ልደት ስለነበር አቋራጭ ፈቃድ ወስዶ ከጠዋት ጀምሮ ቤት ዋለ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ይሄን ያዙልኝ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ነበርን። ፊኛ አብረን ነፍተናል። ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። ከዓይኔ አልተሰወረም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ነዘረ።

አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ነዘረ።

«ማነው?» አልኩት።

«የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ነው። የሆነ ሰው ጽፎ ተመልሶለታል ማለት ነው።»

«በዚህ ሰዓት የሚሠራ ሰው አለ እንዴ?»

«እትዬ ፋይል ይሆናሉ። ሰላም ሊሉኝ ነው» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

ደግሞ እንደገና።

እህቴ ቢላዋ ይዛ ኬኩ ላይ ቆማለች። «ኧረ ተው! ዛሬ እንኳን ከስልክህ ተላቀቅ!» አለችው።

ንዝረቱን አጠፋና ስልኩን በፊቱ ደፋው።

ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ።

እትዬ ፋይልን ያገኘቻቸው ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

የማህደር ክፍሉን ከውጭ ስትከፍት እትዬ ጠረጴዛው ላይ ክንዳቸውን ተንተርሰው ነበር። የተኙ መስሏት ቀስ ብላ ጠራቻቸው። ከዚያ ትከሻቸውን ነካች...

ጩኸቷ ሕንፃውን አናወጠው።

ኋላ እንደታወቀው፣ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ያልጨረሱት ሥራ ነበራቸውና ቀሩ። በሩ ተዘጋባቸው። ምድር ቤቱ ውስጥ ሞባይል አይሠራም። ጥበቃው ያለው ግቢው በር ላይ ነው። ቢጮሁ ማን ይሰማቸዋል? ሌላ ከተማ የምትኖረው አንድ ልጃቸው ደውላ ስታጣቸው ስልካቸውን ቻርጅ ማድረግ የረሱ መስሏት ነበር። ሐኪሙ ልባቸው ነው የቆመው አለ።

«ምስኪን» አለ ሰው ሁሉ። «የሚነግሩት ሰው አጥተው!»

የጽዳት ሠራተኛዋን ግን አንድ ነገር አልዋጥላት ብሏል።

«እዚያ ክፍል ያለው ወንበር አንድ ነው። በየቀኑ የማጸዳው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ሰኞ ስገባ ግን ሁለት ነበር። ሁለተኛው ከጎናቸው ጥግት ብሎ... ሰው ተቀምጦበት የዋለ ይመስል።»

ማንም ጆሮ አልሰጣትም።

አቋራጭስ ያን ሰዓት የት ነበር?

ጩኸቱ ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ሲሮጥ፣ እሱ ቢሮው ገብቶ በሩን ቆለፈ። ገባው። ማንም ሳይነግረው ገባው። ገጹን ከፍቶ የቅዳሜን መልእክቶች አወጣ።

«ልጄ በሩ ተዘጋብኝ።»

«ልጄ ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰው ላክልኝ።»

ከዚያ በታች ሌሎችም አሉ። አላነበባቸውም። ሁሉንም መረጠና አጠፋቸው።

የእትዬ አስከሬን በቃሬዛ ደረጃውን ሲወጣ እሱ ላይ ፎቅ ላይ ዱካውን እያጠፋ ነበር።

ቀብራቸው ላይ ልጃቸው ከሰው መሐል ለይታው መጣች። አስተማሪ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አንተ ነህ አይደል? የሚመልስልኝ ልጅ አለ ትለኝ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ወሬዋ አንተ ነህ።»

አቀፈችው። ትከሻው ላይ ተንሰቀሰቀች።

«ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ» ብሎኛል። እጁን አንስቶ መልሶ ሊያቅፋት እንኳን አልደፈረም። እንደ እንጨት ተገትሮ ቆመ። ሰው ደግሞ «እዩት፣ ሐዘን ልቡን ሰብሮታል» ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ምግብ አስጠላው። ከእህቴ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«ና» አለ። ዘጋው።

ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። እህቴ ሳሎን ነበረች። በሹክሹክታ ነው ያወራነው። ይሄን ሁሉ፣ ያጠፋውን ጭምር፣ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ሲጨርስ ፊቴን አላየም።

«ስክሪፕቱን ልሰርዘው ገባሁ» አለኝ።

«እና?»

«የላከውን መልስ ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል። አየው።»

አየሁት። የቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው፣ «መልእክትዎ ደርሶኛል። በትኩረት እየተመለከትኩት ነው። አይዞዎት፣ በቅርቡ እመለስበታለሁ።» ሁለተኛውም ያው።

ሦስተኛው...

«አይዞሽ እናቴ። እየወረድኩ ነው።»

ቀጥሎ፣

«ደረጃው ላይ ነኝ።»

ቀጥሎ፣

«በሩ ጋ ደርሻለሁ። አትፍሪ።»

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞርኩት።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አጠገብህ አልነበርኩም? ስልኬን ደፍቼው አላየኸኝም?»

«ስክሪፕቱ ውስጥስ?»

«የለም። አንድ በአንድ ፈተሽኩት። እየወረድኩ ነው የሚል ነገር አልጻፍኩበትም።»

«የሆነ ሰው ሰብሮ ገብቶ ቢሆንስ?»

«ሌላ ሰው አልገባም። እሱንም አይቻለሁ።» ድምፁ ተቆራረጠ። «አንቺ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም እኮ። ወንድሜ... አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።»

ሳሎን እህቴ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ሁለታችንም ደነገጥን።

«ያጠፋኸውን የሳቸውን መልእክት መመለስ ይቻላል?»

«ቅጂው አለ። ከፍቼዋለሁ። ግን ማየት አልቻልኩም። አንተ አንብበው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አነበብኩ።

«ልጄ ደረቴን ያዝ አደረገኝ። መልስህ ሲመጣ ቀለል ይለኛል። አትጥፋብኝ።»

«ኮቴ ሰማሁ። አንተ ነህ?»

«መጣህልኝ። ተመስገን። ወንበር ይዘህ መምጣትህ ጥሩ ነው፣ ተቀመጥ።»

ላፕቶፑን ልዘጋው ፈለግሁ። ሰውየው አጠገባቸው ከተቀመጠ... ለምን ይጽፉለታል?

ቀጣዩ መለሰልኝ።

«ምነው አትናገርም? እዚህ ላይ ካልጻፍኩልህ አትሰማኝም?»

የመጨረሻው ይሄ ነው፣

«እሺ ልጄ አትናገር። እጄን ብቻ ያዘኝ። ውይ፣ እጅህ እንዴት ይቀዘቅዛል።»

ጮክ ብዬ ማንበቤን ያወቅኩት አቋራጭ ማልቀስ ሲጀምር ነው። ድምፅ የሌለው ለቅሶ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«እኔ መሆን ነበረብኝ» አለ። «እኔ ነበርኩ መሆን ያለብኝ።»

በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገብቶ ስለ ስክሪፕቱም፣ ስላጠፋቸው መልእክቶችም ተናዘዘ። አለቃው ተነስቶ በሩን ዘጋና «ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አለው። አቋራጭ የሥራ መልቀቂያውን እዚያው ትቶ ወጣ።

ከዚያ ወደ እትዬ ልጅ ሄድን። እኔ ነኝ ያደረስኩት፣ ብቻውን እግሩ አልታዘዝ ብሎት።

የእናቷን ቤት እያጸዳች ነበር። አልጋው ላይ የተከመረ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችው። ስለ ሌላው፣ ስለ ወረደው ነገር፣ አልነገራትም። የራሱን ጥፋት ብቻ ነው የነገራት። ማሽን እንደነበር። አዎ እኔ ነኝ እንዳላቸው። ስልኩን እንደደፋው። መልእክቶቹን እንዳጠፋቸው።

እጇ ቀስ በቀስ ቆመ።

«እማዬ በየቀኑ ታመሰግነው የነበረው... ማንም አልነበረም?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ትከሻህ ላይ ስንሰቀሰቅስ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

ላብ አጥምቆታል።

«ውጣልኝ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

የመጨረሻው ቀን እቃውን ሊያወጣ አብሬው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ረፋድ ነበር። ካርቶን ይዘን ስንወጣ ጥበቃው ከማረፊያ ክፍሉ ብቅ ብለው ጠቀሱት። ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ልጠይቅህ እያልኩ ነው።» ግራ ቀኝ አዩ። «ያን ቀን ስትወርድ... በሩን መክፈት አቅቶህ ነው?»

«የት ስወርድ ጋሼ?»

«ቅዳሜ ነዋ! ምድር ቤት። እዚህ ካሜራ ላይ አይቼህ የለም እንዴ? በየት በኩል እንደገባህ አላየሁም። በመኪና ማቆሚያው ይሆናል አልኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ስትወርድ ስላየሁ ነው እኔ ያልወረድኩት። መቼም ከእትዬ ጋር አብራችሁ ትወጣላችሁ ብዬ የምድር ቤቱን ዙር ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። አንተንም ችግር ውስጥ ላለመክተት... እኔንም።»

የአቋራጭ ካርቶን ከእጁ ወደቀ።

«ያሳዩን» አልኳቸው።

ክፍላቸው ጠባብ ናት። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አጎነበስን። ደረጃው ባዶ ነው... ባዶ ነው... ከዚያ አንድ ሰው መጣ።

ይሮጣል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ የገዛ እናቱ የጠራችው ሰው እንደሚሮጠው ይሮጣል። አንድ ወንበር ታቅፏል።

ጀርባው የአቋራጭ ነው። አናቱ ላይ ሳሳ ያለው ፀጉሩ፣ ግራ ትከሻው ዘመም ማለቱ፣ ሁሉም የሱ ነው። ያን ሰዓት እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ኬክ እበላ ነበር።

«ሲወጣ አሳዩኝ» አለ አቋራጭ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ጥበቃው ምስሉን ወደፊት አሮጡት። ቅዳሜ መሸ። ማንም አልወጣም። እሑድ ነጋ፣ እሑድ መሸ። ማንም።

«ሌላ መውጫ አለው?» አልኩ።

«የለውም።»

ሰኞ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወረደች። እየሮጠች ወጣች። ሰው ተንጋግቶ ወረደ። ከዚያ ቃሬዛው መጣ፣ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይዘውት።

ከጎኑ ደግሞ...

እሱ አለ። አንገቱን ደፍቶ ከቃሬዛው እኩል ይራመዳል። አንድ እጁ አስከሬኑ የተሸፈነበት ጨርቅ ሥር ገብቷል፣ የሆነ ነገር ይዞ። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ዞር ብሎ ያየው ግን አንድም ሰው የለም። ብቻ ሲያልፍ ሳያውቁት ይሸሹለታል።

«በስመ አብ» አሉ ጥበቃው።

ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ቆመ። ቃሬዛው አለፈው። እሱ ቀስ ብሎ ቀና አለና ካሜራውን አየ። እኛን አየ።

ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሆነ ነገር ይላል። ረጅም ነገር።

ካሜራው ድምፅ አይቀዳም።

«ምንድነው የሚለው?» ብዬ ወደ አቋራጭ ዞርኩ።

ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል። አይርገበገብም።

የእሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል... ከዚያኛው እኩል። እትዬ «ምነው አትናገርም?» ብለው እንደጠየቁት እንደዚያኛው፣ ድምፅ የለውም።